ከመጻፍ ወደ መፈረም

በደርግ ዘመን ደባርቅ ውስጥ በአንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት ለገበሬ የሚታደል መመሪያ እጽፍ ነበር። ሥራዬን እወደው ነበር፤ ዕድገት ግን የለውም። ደረጃዬ ጣሪያ ነክቶ ዓመታት ቆጥሯል። እናቴ ታማለች፣ ሁለት ታናናሾቼ ዳባት የሚማሩት በእኔ ደመወዝ ነው።

ለገበሬ መጻፍን የተማርኩት ከገበያ ነው። ማንኛውንም መመሪያ ከማባዛቴ በፊት በገበያ ቀን ወጥቼ ለገበሬው አነብ ነበር። አንድ ጊዜ መድኃኒት ስለተቀባ የስንዴ ዘር «ለምግብነት መጠቀም ክልክል ነው» ብዬ ሳነብ ከበየዳ የመጡ ባልቴት ሳቁብኝ።

«እሱንማ እናውቃለን፣ ልጄ። አጥበን ነው እንጂ እንዲሁማ ማን ይበላዋል?»

ደንግጬ ተመለስኩና «ታጥቦም አይበላ፤ ይገድላል» ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ ገበሬውን ሰምቶ የሚጽፍ ሰው ኃላፊ ሳይሆን በዚሁ በሙያው እንዲያድግ ሦስት ጊዜ አመለከትኩ። ውሃ ወቀጣ ሆነብኝ። በመጨረሻ ኃላፊያችን አስጠሩኝ።

«ልዛወር ነው፤ ወንበሩ ክፍት ነው። ከዚህ ሌላ ዕድገት የለሽም» አሉኝ።

«እኔ ሰው ማዘዝ አልችልበትም።»

«እኔስ እችልበት ነበር እንዴ? ያዢው!»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ያዝኩት። ደመወዜ አደገ፣ እናቴም መድኃኒቷን አላቋረጠችም። ገበያ መውጣት ግን ቀረ። በቦታዬ ሰው አልተተካም። መመሪያው ከበላይ ተባዝቶ ይመጣል፣ እኔ እፈርማለሁ። ሳላነብ የፈረምኩትን ቤት ይቁጠረው።

አንድ ቀን ስብሰባ እየመራሁ ከደጅ የሽማግሌ ድምፅ ሰማሁ።

«ወረቀት የምታስረዳን ልጅ ነበረች፤ ጥሩልኝ። ይህን የነቀዝ መድኃኒት ሰጥተውናል። ጎተራችን ከምንተኛበት ቤት ውስጥ ነው፤ እዚያው እንጨምረው ወይ?»

«አባቴ፣ እሳቸው አሁን ኃላፊ ሆነዋል» አላቸው ዘበኛው። «ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ሌላ ቀን ይምጡ።»

«ኧረ ልጄ፣ እኔ ከደረስጌ ነው የመጣሁ!»

መድኃኒቱ ጭስ አለው፤ በተዘጋ ቤት የተኛን ሰው ይጨርሳል። መልሱ አንድ ቃል ነበር። ስብሰባውን ሊከታተል የመጣ የመንግሥት ካድሬ አጠገቤ ተቀምጦ ስለ ዕቅድ አፈጻጸም እያብራራ ነው፤ አቋርጬው መነሳት ፈራሁ። አሁን ያበቃል፣ አሁን ያበቃል እያልኩ ተቀመጥኩ። ሲያበቃ እየሮጥኩ ወጣሁ፤ ሽማግሌው የሉም። እስከ ከተማው ዳር ሮጬ ያገኘሁትን መንገደኛ ሁሉ «ደረስጌ ለሚገቡ ሽማግሌ፣ የነቀዙን መድኃኒት ቤት ውስጥ እንዳይጨምሩት በሉልኝ» እያልኩ ለመንኩ። ስማቸውን እንኳ አላውቅም። መልእክቱ ይድረሳቸው አይድረሳቸው እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።