የእህቴ ዓይንና የፎጣው ኮሪደር

እህቴ ማየት እያቃታት መምጣቱን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት። ምን ላድርግ! ሁለታችንም የምንሠራው አሮጌው የሕዝብ ጎልፍ ሜዳ ነው፤ እኔ ወለል እወለውላለሁ፣ እሷ የልብስ መቀየሪያውን ክፍል ትጠብቃለች፣ ፎጣ ታድላለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው በዚያው ፎጣ ነው። የመጨረሻዋ ልጇ ገና ትምህርቷን አልጨረሰችም። እናቷ "አታይም" ከተባለች በማግስቱ ቤቷ ቁጭ ነው።

ደግሞ ብታዩአት አታምኑም! የልብስ ማስቀመጫ ሳጥኖቹን ቁልፎች በጣቷ ትለያለች። ተጫዋቹ ገና በሩን ሲገፋ በኮቴው ታውቀዋለች፤ "እንዴት አደሩ ጌታዬ፣ ጉልበትዎ ተሻለው?" ስትለው ሰውዬው ደስ ብሎት ይገባል። ከማጠቢያው ክፍል የሚመጣውን ረጅም ኮሪደር፣ ፎጣውን እስከ አገጯ ቆልላ፣ ግድግዳ ሳትነካ ትሄደዋለች። አንዳንዴ እኔ ራሴ "ይቺ ሴትዮ ታሾፍብኛለች እንዴ?" እላለሁ።

ከዚያ እድሳት የሚሉት መጣ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ከመሐንዲሱ ጋር እየዞረ፣ ጣቱን በቀሰረበት ሁሉ "ይሄ ይፈርሳል፣ ያም ይፈርሳል" ስለሚል አቶ ይፈርሳል ብለን ስም አወጣንለት። ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ጣሪያው ያፈሳል፣ ቧንቧው ዝጓል፣ መታደሱን የሚጠላ የለም። ግን እህቴ በማታውቀው ቤት ውስጥ ምን ልትሆን ነው?

"እትዬ፣ እባክሽ እንናገር። ሌላ ሥራ ይሰጡሽ ይሆናል" አልኳት አንድ ቀን ምሳ ስንበላ።

"ለማታይ ሴት ምን ሥራ አላቸው? ሣር ውስጥ የጠፋ ኳስ ፈልጊ ይሉኛል?" ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ ቆመ። "ፈርቻለሁ እኮ። ልጄ እስክትጨርስ ብቻ። ትንፍሽ እንዳትዪ ቃል ግቢልኝ።"

ቃል ገባሁላት። እሷ እንዲህ ስትፈራ አይቼ አላውቅም፤ እኔንም ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልወስደኝ አለ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? እኔና እሷ ዕረፍት በነበርንበት ቀን ቧንቧ ቀያሪዎቹ የኮሪደሩን ወለል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ቆፍረውት ሄዱ። በማግስቱ እኔ በዋናው በር ስገባ አቶ ይፈርሳልና መሐንዲሱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው ያወራሉ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ጥልቅ ነው፣ ከሥሩም ብረት ቆሟል። ማስጠንቀቂያ አልጠፋም፣ በቀይ ቀለም የተጻፈ ሰሌዳ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ወይ ጉዴ! እህቴ በማጠቢያው ክፍል በኩል፣ በጓሮ በር ነው የምትገባው።

ቀና ስል በማዶ በኩል ፎጣዋን ተሸክማ እየመጣች ነው፣ ፈጠን ፈጠን እያለች።

"እትዬ!" አልኩ።

"መጣሁ፣ መጣሁ! ዛሬ ደግሞ ምን አስቸኮለሽ?" አለች፤ እግሯ አልቆመም።

"ቁሚ! ጉድጓድ አለ፣ አይታይሽም! ቁሚ በፈጠረሽ!"

ቆመች። የአንድ እግሯ ጣቶች ባዶው ላይ ነበሩ። ከላይ ያለው ፎጣ ተንሸራቶ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ።

"አይታይሽም ማለት ምን ማለት ነው?" አለ አቶ ይፈርሳል ወደ እኔ ዞሮ። "ሴትዮዋ አታይም እንዴ?"

ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ! በውጭ በኩል ዞሬ እየሮጥኩ ደረስኩባት። ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

"ጥልቅ ነው?" አለችኝ።

"ጥልቅ ነው እትዬ። ብረትም አለው።"

ፎጣዎቹን አንድ በአንድ ሳታበላሽ መሬት አስቀመጠች።

"በይ እጄን ያዢኝ" አለች፣ ሁሉም እየሰሟት። "ከእንግዲህ ከማን እደብቃለሁ?"

ያዝኳት። ጥቂት እንደሄድን ቆም አለችና "ልጄን ግን ምን ልበላት?" አለችኝ።