ያልተመዘነው ጉርሻ

ልጄ ባሕር ዳር ትምህርቷን ጨርሳ ስትመለስ ዲግሪዋን ይዛ መጣች፤ ሥጋዋን ግን እዚያው ጥላው መጣች። ዓመት ሙሉ እሳት የነካው ነገር በአፏ አልገባም። ካሮት፣ ሙዝ፣ ፓፓያ፣ ውኃ ውስጥ ከርሞ ያቆጠቆጠ ምስር። «ጥሬ ነው የምበላው እማ፣ ለጤና ነው» አለችኝ። ሦስተኛ ክፍል ላይ ያቆምሁ ሴት ለባለ ዲግሪ ምን እላለሁ? ካሮቷን ላጥሁላት።

አንድ ቀን ከመንደራችን ከፀዳ ወደ ከተማ ስንሄድ ባጃጅ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ዘፍ አለች። ሐኪም ቤት አደረስኋት፤ ሐኪሙ ደሟ ማነሱን ነገረን። ፀጉሯ ማበጠሪያው ላይ ሲቀር፣ እጇ በቀትር ሲቀዘቅዝ እያየሁ «ሥልጣኔ ይሆናል» ስል ከርሜ ነበር። ያን ቀን ግን ፈራሁ። ሰው ሲሞት አይቻለሁ፤ እጅ ቀድሞ ይቀዘቅዛል።

ደግነቱ እሷም ደንግጣለች። «እሺ፣ ሥጋ እጀምራለሁ» አለች። እልል ልል አፌን ስከፍት ደብተር አወጣች።

«በሥርዓት ነው ታዲያ። እስካሁን ኃይል የሚሰጠኝ የፍራፍሬው ስኳር ነበር፤ ቅባት እምብዛም አልነካም። አሁን ሥጋና ቅቤ ሲገባ ስኳሩም እንጀራውም ማነስ አለበት። ሁለቱን አንድ ላይ ብቆልላቸው ሆዴ አይችልም።»

«አንዱ ሲወጣ አንዱ ይወርዳል በይኛ።»

«እንደሱ!» አለች። ለምሳ መዳፍ የምታህል ሥጋ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ፣ ግማሽ እንጀራ ብላ ጻፈች። ቀጥላም «እስከ እሑድ አየዋለሁ፤ ካልተስማማኝ ወደ ጥሬዬ እመለሳለሁ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እኔ እንቅልፍ የት አባቴ አግኝቼ!

ሰኞ ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፋ። ማክሰኞ አስመለሳት። ረቡዕ ጾም ነውና ሽሮ በልታ ደህና ዋለች። ሐሙስ እንደ ማክሰኞው አስመለሳት፤ ዓርብ በጾሙ ደህና ዋለች። ደብተሯን እያገላበጠች ቅቤውን ቀነሰች፣ እንጀራውን ሩብ አደረገችው። «ሒሳቡ ልክ ነው፤ ሆዴ ነው ልክ ያልሆነው» አለች። እኔ ለታቦቱ ጥላ ተሳልሁ።

ቅዳሜ ታላቅ ወንድሜ ከአይከል መጣ። ቅቤ ነጋዴ ነው፤ እኔም ልጄም አያ ነው የምንለው። ገና ሳይቀመጥ ጀመራት።

«ጥሬ ወዳጅ ሆነሻል አሉ። ታዲያ ምነው ብርንዶውን ተውሽው? ከሱ የባሰ ጥሬ ከየት ሊመጣ!»

«አያ ደግሞ!» ብላ ሳቀች።

ምሳ ቀረበ። እሷ የለካችውን በሳህኗ ይዛ ተቀመጠች። እኔም እንደ ልማዴ ከእኛ ገበታ ጠቀለልሁና «በሞቴ» ብዬ አጎረስኋት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ ደገምሁ። «ይቺ ደግሞ የአያ ናት» ብዬ ሠለስሁ። ወንድሜ ማኘኩን አቆመ።

«ቆይ እስቲ። ይሄ ደብተሩ ላይ አለ?»

ልጄ ደብተሯን አየች። እኔ እሷን አየሁ።

«ጉርሻ እኮ ነው አያ። ጉርሻ ደግሞ ምግብ ነው እንዴ?» አልሁት።

«ምነው፣ ሲውጡት ይተናል? እኔ ቅቤ ስመዝን ጣቴን ሚዛኑ ላይ ባሳርፍ ሌባ ትሉኛላችሁ። አንቺ እኮ ክንድሽን አሳርፈሻል!» ወደ እሷ ዞረ። «አንቺስ የተማርሽው፣ ምነው አትጽፊውም?»

«የእናት ጉርሻ ይጻፋል እንዴ አያ?»

ልናዘዝ። ጉርሻዬ ትንሽ አልነበረም። እሷ ከሳህኗ በቀነሰች ቁጥር እኔ እየፈራሁ አተልቀው ነበር። ሩብ እንጀራ፣ ውስጡ ሥጋ፣ ቅቤው በክንዴ የሚወርድ። በየገበታው ሦስት! ረቡዕና ዓርብ ደህና የዋለችው ለካ ጉርሻዬም ጿሚ ስለነበረ ነው። ልጄን ከሞት አድናለሁ ብዬ ወደ ካሮቱ ልመልሳት ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

እሑድ ምሳ ላይ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ቀበርሁት። አየችኝና ሳህኗን ገፋ አድርጋ «ከዚህ አጉርሺኝ፣ ከራሴው» አለች። ከራሷ ቆርሼ ሁለት ጊዜ አጎረስኋት። ከዚያ ዓይኔን ከሆዷ ላይ አላነሣሁም።

«እማ፣ እንደተጣደ ወተት አትጠብቂኝ» አለችኝ።

አሥር ሰዓት ሆነ፤ አልተነፋም። ቡና ሰዓት አለፈ፤ አላስመለሳትም። ልብስ ለማስገባት ስትወጣ ደብተሯን ገለጥሁ። የነገን የሰኞን ምሳ ጽፋለች። በሦስተኛ ክፍሌ ፊደል በፊደል እየለቀምሁ አነበብሁት፦ ሥጋ አንድ መዳፍ፣ ቅቤ አንድ ማንኪያ፣ እንጀራ ግማሽ፣ ጉርሻ ሁለት፣ ከዚሁ ላይ።

ስትመለስ እጇን ያዝሁት። ገና ይቀዘቅዛል። ቢሆንም አልለቀቅሁትም፤ ሰኞ ሥጋ አለ።