ዳልጮ ያላስታጠበው ሰው

በወላይታ፣ ጉኑኖ አጠገብ፣ ከእንሰቱ መሃል፣ ዳልጮ የሚባል አንድ ሰው ይኖር ነበር። ቀኝ እጁ ከአንጓው ላይ ተቆርጧል። በግራው ይቆፍራል፣ በግራው እንጨት ይፈልጣል፣ ሲናደድም በግራው ይማታል። የአገሩ ሰው ግን ስሙን ሲያነሳ የሚታወሰው የጎደለው እጁ አይደለም፤ ደጁ ላይ የተንጠለጠለው ቅል ነው።

እጁ ሙሉ ሳለ የቦጋለ ገባር ነበር። ቦጋለ አባቱ በዘመቻ ከሰሜን የመጣ፣ እሱ ራሱ ግን ሶዶ ተወልዶ ያደገ መልከኛ ነው። ገባሮቹ ተራቸው ሲደርስ አጥሩን ያጥራሉ፣ እንጨቱን ያመጣሉ፣ በቅሎዎቹን ያጥባሉ። ዳልጮን ግን እጁ የማይንቀጠቀጥ ሆኖ ስላገኘው ግብዣ ባለ ቁጥር እንግዶች እንዲያስታጥብ ያስጠራው ነበር። ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል፤ በግራው ሰፊውን ሳህን፣ በቀኙ የመዳቡን ኩስኩስት ይዞ ከሰው ወደ ሰው ጎንበስ ይላል። ውሃው ከኩስኩስቱ አፍ እንደ ክር ቀጥኖ መውረድ አለበት። ከበዛ እጅጌ ያርሳል፤ ካነሰ «አንተ፣ የምታስታጥበን በምራቅህ ነው?» ይሉታል። ከዚያ በቀር የሚያናግረው የለም። እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ ይፈትጋሉ፣ ያራግፋሉ፣ ወሬያቸውን ይቀጥላሉ።

በ1926 ዓ.ም. ፋሲካ ቦጋለ ከሶዶ ገብረሥላሴ የሚባል ሹም ጋበዘ። የመሬት ክርክሩ በዚህ ሰው እጅ ስለነበር ሰንጋ ጥሎለታል። ጮማው ተበልቶ ሲያበቃ ስቡን የሚያስለቅቅ ለብ ያለ ውሃ ታዘዘ። ወጥ ቤቷ ብርቄ ተዋክባ ነበርና ከሚፈላው ድስት ቀድታ ቀዝቃዛ ሳትጨምርበት ኩስኩስቱን ሞላችው። የኩስኩስቱ እጀታ በቆዳ የተጠቀለለ ስለሆነ ሙቀቱ ለዳልጮ አልተሰማውም። ጎንበስ ብሎ አፈሰሰ።

ሹሙ ጮኾ ተነሳ። አንዱ እንግዳ፣ «ሹሙን እንደ ዶሮ ሊነጩልን ነው!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቀው ገብረሥላሴ ብቻ ነበር፤ ቦጋለም ይህን አየ።

«የትኛው እጅህ ነው ያፈሰሰው?» አለው ዳልጮን።

«ቀኜ ጌታዬ።»

«ሳህኑ ላይ አድርገው።»

ሁለት አሽከሮች ክንዱን ይዘው ሳህኑ ላይ አስቀመጡለት። ብርቄ ከጓዳ እየሮጠች መጥታ፣ «ጌቶች፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እሱ ምን ያውቃል!» ብላ ቦጋለ እግር ላይ ወደቀች።

«ድስቱን አምጪ።»

«ጌቶች፣ በልጆችዎ—»

«አምጪ ብያለሁ!»

ቦጋለ ቡልኮውን ወደ ኋላ መለሰና፣ «ሁልጊዜ አንተ ነህ የምታስታጥበን፤ እስቲ ዛሬ ደግሞ እኔ ላስታጥብህ» አለው። እንግዶቹ እንደገና ሳቁ፤ አሁን ሹሙም ሳቀ። ቦጋለ የፈላውን ውሃ ዳልጮ እንደሚያፈሰው አድርጎ፣ እንደ ክር አቅጥኖ፣ ሳይቸኩል፣ ድስቱ እስኪንጠፈጠፍ ድረስ እጁ ላይ አወረደው። ቆዳው ከሥጋው ተላቆ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠለ። ዳልጮ መጀመሪያ ጮኸ፤ ኋላ ድምፁ ጠፋ። አሽከሮቹ ሲለቁት ሳህኑ ላይ ወደቀና ውሃው ምንጣፉን አበላሸ ተብሎ በእርግጫ ተመታ። ከዚያ ጠጅ ተቀዳ።

እጁ ከረመና ሸተተ። ጥቁረቱ ወደ ክንዱ መውጣት ሲጀምር ሚስቱ አስካለች ደግፋ የፈረንጅ ሚሲዮኖች ሶዶ፣ ኦቶና ላይ ወደ ከፈቱት ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሙ በአስተርጓሚ፣ «እጁን ካላነሳሁት ሰውየውን ታጪዋለሽ» አላት። ቆረጡት።

ቁስሉ እስኪደርቅ እዚያው ሲከርም ከሐኪም ቤቱ በር ላይ አንድ ነገር አየ። ከሥሩ ትንሽ የናስ ቧንቧ የተበጀለት የላምባ ቆርቆሮ ግንድ ላይ ተሰቅሏል። የሚገባ ሁሉ ቧንቧውን ይከፍትና ይታጠባል። የሚያስታጥብ የለም፤ ጎንበስ የሚል የለም። ዳልጮ ጥላ ሥር ተቀምጦ ያንን ቆርቆሮ ሲያይ ይውል ነበር።

ቤቱ ሲመለስ የራሱን ሠራ። ባለ አንድ እጅ ሰው ቧንቧ ቢከፍት በምኑ ይታጠባል? ስለዚህ ሥራውን ለእግሩ ሰጠው። ሁለት ባላ ተክሎ አግዳሚ እንጨት ጣለባቸው፤ ትልቅ ቅል አንጠለጠለ፤ ከቅሉ አንገት የቃጫ ገመድ አውርዶ መሬት ላይ ካጋደመው እንጨት ጋር አሰረው። እንጨቱን ሲረግጡት ቅሉ እየተንቋረረ ያጎነብሳል፣ ውሃው ይወርዳል፤ እግር ሲነሳ ይመለሳል። ከባላው ጎን የተቋጠረ ቃጫ አስሮ እንዶድ ቀባበት፤ የቀረች እጁን እሱ ላይ እየፈተገ ያጥባታል። ቅሉን ጧት ጧት ከወንዝ ቀድታ የምትሞላው አስካለች ነበረች።

የአስካለች ወንድም ጦና መጥቶ ሲያይ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አማቼ፣ ይኸ ዳንስ ነው መታጠብ ነው?»

«ርገጠውና እየው።»

ረገጠው፤ ጉልበቱ ድረስ ረጠበ። አባታቸው ኤርሳዶ ግን አልሳቀም። በትሩን ተደግፎ ቅሉን ዞሮ ዞሮ አየና፣ «እንግዳ ሲመጣብህስ?» አለ።

«እሱም ይረግጣላ።»

«እንግዳማ በሰው እጅ ነው የሚታጠበው» አለ ሽማግሌው። «ያኔ አንድ የፈረስ ሌባ አሳዳጆቹ ሊደርሱበት ሲሉ እኔ ግቢ ሲገባ ምን አደረግሁ? ሌላ ምንም አላደረግሁም፤ እጁ ላይ ውሃ አፈሰስኩለት። ፈረሱ የተሰረቀባቸው ሰዎች አጥሬ ድረስ መጥተው፣ ‹አስታጥበኸዋል?› አሉኝ። ‹አስታጥቤዋለሁ› አልኩ። ጦራቸውን ዝቅ አድርገው ተመለሱ። ያስታጠብከው ሰው ከግቢህ እስኪወጣ የአንተ ሥጋ ነው።» ወደ ልጁ ዞረ። «አስካለች፣ ባልሽ በዚህ ይታጠብ። እንግዳ ሲመጣ ግን በእጅሽ አስታጥቢ።»

«እሺ አባዬ» አለች።

በ1928 ክረምት፣ መንግሥት ፈረሰ ሲባል፣ ጠመንጃ ያለው ሁሉ ለራሱ መንግሥት ሆነ። ቦጋለ ሰዎቹን ይዞ ከመንደር መንደር ከብት ይነዳ ጀመር። ኤርሳዶ ደጅ ሲደርስ ሽማግሌው የበሬውን ገመድ አልለቅም አለ። ቦጋለ ከበቅሎ ሳይወርድ ተኮሰበት። በሬው ደንግጦ ሲሮጥ ገመዱ በእጁ እንደተጠመጠመ ሬሳውን ጭቃ ለጭቃ እስከ ጅረቱ ጎተተው። ጦና ገመዱን ለማላቀቅ የአባቱን ጣቶች መስበር ነበረበት። ከዚያ ወዲህ የጦናን ሳቅ የሰማ የለም።

በጥር ጣሊያን ወደ ሶዶ ተቃረበ ተባለ። መልከኞቹ ተበተኑ። ማን እንደተኮሰ ማን እንደተወጋ የማይለይበት ሳምንት ነበር፤ ቤት ይነዳል፣ መንገድ ዳር የተጣለ ሬሳ ውሻ ይጎትታል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዳልጮ አጥሩን ሲጠግን እንሰቱን እየገፋ አንድ ሰው ወጣ። ቡልኮው ደም ጠጥቷል፤ አንድ እግሩን ይጎትታል፤ ጠመንጃውን እንደ ምርኩዝ ይዟል። ቦጋለ ነበር።

«ቤቶች! የሚበላ አላችሁ?» አለ። ዳልጮን እንዳየው ፊቱ በራ። «አንተ! አንተ የእኔ ሰው አይደለህም እንዴ? ተመስገን! ልቤ ሊወጣ ነው፤ ቶሎ በል፣ እህል አቅርብልኝ።»

አስካለች ከቤት ብቅ ብላ አየችው። አባቷን የገደለው ሰው ነው። ቆማ ባሏን ጠበቀች። ዳልጮ ቃል አልወጣውም። ቢያባርረው ጠመንጃ አለው፤ ቢያበላው ደግሞ እንግዳው ሊሆን ነው። እሷ ዝምታውን እሺታ አድርጋ ወሰደችው፤ ጥርሷን ነክሳ ቆጮ ልታቀርብ ተመለሰች።

ቦጋለ ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘረጋ። ጭቃና የደረቀ ደም ጋግሮባቸዋል። ዘርግቶ ጠበቀ፤ ውሃው እንደ ድሮው ከሆነ ቦታ መጥቶ ይወርድበት ይመስል።

ዳልጮ የተቆረጠውን ክንዱን ወደ ላይ አነሳ። «በምን ላስታጥብዎ ጌታዬ?»

ቦጋለ ክንዱን አየና ከንፈሩን መጠጠ። «ውይ፣ ምስኪን! ማነው እንዲህ ያደረገህ?»

ዳልጮ ፊቱን መረመረ። ሰውየው የሚያሾፍ መስሎት ነበር፤ አያሾፍም። ረስቶታል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ዳልጮ ምን እንደሚያደርግ አላወቀም ነበር። አሁን አወቀ።

«ይኸውልዎት፣ እዚህ ጋ ይታጠቡ» አለና ወደ ቅሉ መራው። «እንጨቷን ይርገጧት፤ ራሷ ታወርዳለች።»

«እግዜር ይስጥህ። ብልሃተኛ ነህ እኮ!» ቦጋለ ጠመንጃውን ባላው ላይ አስደገፈ። በቆሰለው እግሩ ቆሞ በደህናው ረገጠ። ቅሉ ተንቋረረ፤ ውሃው በእጁ ላይ ወርዶ እየቀላ መሬት ነካ። በሕመምና በደስታ መካከል ሆኖ ይቃትታል። ዳልጮ ጠመንጃውን በግራ እጁ ብድግ አድርጎ እንሰቱ ውስጥ ወረወረው።

«ምን እያደረግህ ነው አንተ?»

መልስ ሳያገኝ ጦና ሁለት ሰዎች አስከትሎ በአጥሩ ክፍት ገባ። የደሙን ፈለግ ተከትለው ነው የመጡት። ቦጋለን አየው፤ የሚያንጠባጥበውን እጁንም አየ። ጦሩ አየር ላይ ቆመ።

«አስታጥበኸዋል?» አለ በወላይትኛ።

«አላስታጠብኩትም» አለ ዳልጮ።

አስካለች ቆጮውን ይዛ ወጣች። ጦሩን ስታይ ገበታውን ጥላ በመሃላቸው ገባች። «ጦና፣ ተው! እጁን እየው፣ ታጥቧል!»

«ባልሽ አላስታጠብኩም እያለ ነው!»

«ቅሉን የሞላሁት እኔ ነኝ። ወንዝ ወርጄ ያመጣሁት ውሃ ነው። ውሃዬ እጁ ላይ ነው!»

«ይኸ እኮ አባትሽን የጎተተ ነው! በበሬ የጎተተ!»

«አውቃለሁ! አላውቅም ብለህ ነው? አባዬ ቢሆን ግን ዝቅ አድርግ ይልህ ነበር።»

ቦጋለ ሶዶ ቢያድግም ወላይትኛ የሚያውቀው ገባር ለማዘዝ ያህል ብቻ ነበር፤ የችኮላ ክርክራቸውን አልተከተለውም። ከሁሉም የገባችው «ሃታ» የምትለዋ ቃል ብቻ ናት፤ ውሃ ማለት ነው። ውሃ ሊጨምሩለት መሰለው። እጁን እንደገና ዘረጋ።

ጦና ወደ ዳልጮ ዞረ። «አማቼ፣ ግቢው ያንተ ነው። አንተ ተናገር። እንግዳህ ነው?»

ዳልጮ ቅሉን አየው። ገና ይወዛወዛል፤ ጠብታ ይጥላል።

«ቅል ሰው አያስተናግድም» አለ።

ጦና እህቱን በክንዱ ገፍቶ ወጋው። ጦሩ ከጎድኑ በታች ገብቶ በጀርባው ወጣ። ቦጋለ በታጠበ እጁ የጦሩን እንጨት ያዘና ለመንቀል ታገለ፤ ከጦና ጋር ወዲያና ወዲህ ተጓተቱ። ሌሎቹ ደርሰው በቆንጨራ አንገቱን መቱት። ባላው ላይ ወድቆ አግዳሚውን ይዞት ወረደ። እግሩ እንጨቷን ደጋግሞ ረገጣት፤ መሬት ላይ የወደቀው ቅል ግን ከዚያ በኋላ አልታዘዘላትም። ከዚያ እግሩም ተወ።

ዳልጮ ደስታ ጠበቀ። የመጣለት ግን ጸጥታ ነው። አስካለች ከወደቀችበት ተነሳች። በቅሉ ሆድ ትንሽ ውሃ ቀርቶ ነበር። አነሳችው፤ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች፤ የቦጋለን እጅ አንድ በአንድ ይዛ፣ እንደ ክር አቅጥና፣ ደሙ እስኪለቅ አስታጠበችው። ወንድሟ ፊቱን አዞረ። ባሏን ቀና ብላም አላየችው።

ጥላው አልሄደችም። ግን ቅሉን ዳግመኛ አልሞላችም፤ ከእሱ ጋርም አንድ ገበታ አልቀረበችም። ወሬው ገበያ ወጣ። «ሰውየው ሞት ይገባው ነበር» የሚሉ ብዙ ነበሩ። እነዚያ ራሳቸው ግን ዳልጮ ቤት እህል ከመቅመስ ቆጠቡ። ለቅሶ ቤት ውሃ ይዛ የምታስታጥብ ልጅ እሱ ጋ ስትደርስ እጆቿ ይቸኩሉ ነበር። ጦና እንኳ ሲመጣ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነው የሚያናግረው። «ምን አጠፋሁ?» ይለዋል ዳልጮ። «አንተ አይደለህ የወጋኸው?»

«እኔማ ወጋሁ። ጠይቄህ ነበር።»

በ1931፣ ጣሊያኖቹ መንገድ በሚያሠሩበት ወቅት፣ አንድ የጨው ነጋዴ ዝናብ ይዞት ከነአህያው ግቢው ተጠጋ። ዳልጮ ሮጦ ወጣ። «ግባ፣ ግባ! እህል አለ፣ እሳት አለ!» ነጋዴው ባላዎቹ ላይ እንደገና የተሰቀለውን ቅል አይቶ ፈገግ አለ፤ እግሩን ወደ እንጨቷ ሰደደ።

ከማዶ አጥር አንዲት ሴት፣ «ሰውዬ! እዚያ እንዳትታጠብ!» ብላ ጮኸች። «እዚያ የታጠበ እንግዳ አይደለም!»

የነጋዴው እግር አየር ላይ ቀረ።

«ቆይ፣ ቆይ! እኔ አስታጥብሃለሁ» አለ ዳልጮ። ቅሉን ከገመዱ በጥሶ አወረደው። በተቆረጠ ክንዱና በደረቱ መካከል ደግፎ፣ በግራ እጁ አንገቱን ይዞ፣ ድሮ እንደለመደው ጎንበስ አለ። «እጅህን ዘርጋ ወንድሜ። በእጄ ነው፤ እይ፣ በእጄ ነው።»

ነጋዴው እጆቹን ቡልኮው ውስጥ ከቶ አህያውን መለሰ። ዳልጮ ቀና አላለም። ዝናቡ እየመታው፣ ውሃውን እንደ ክር አቅጥኖ፣ እጅ በሌለበት ቦታ ላይ እስኪያልቅ አወረደው።