ከጎረቤት ቆጣሪ የመጣው ጉርምርምታ

ውኃ አፍስሶ ስፒከር አበላሸ ተብዬ ከሥራ ተባረርኩ። አላበላሸሁም። አስቀድሜ የምነግርህ ኋላ ላይ «ምናልባት ሳታውቀው ነክቶት ይሆናል» እንዳትለኝ ነው።

ትናንት ልጄ ከስልኳ ጋር ያገናኘችው ስፒከር «እምምም» አለ። ወዲያው ያ ሽታ መጣብኝ፤ ውኃ የነካው የአፈር ወለል፣ የጋለ ፕላስቲክ፣ ከጎረቤት ፀጉር ቤት በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባው የአልኮል ሽታ። ልጄ ድምፁን ቀነሰችው። እኔ ግን ቢቸና ደርሼ ነበር።

የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ይባል ነበር። አንድ የጭቃ ክፍል ነው፤ አራት ኮምፒውተር፣ አንድ ባለቤት፣ አንዲት አሠልጣኝ። እኔ ጠራጊም ዘበኛም ነበርኩ። ዕድሜዬ ሃያ ቢሆን ነው። ፊደል አልቆጠርኩም። በየጠዋቱ ከጣሳ ውኃ በእጄ እየረጨሁ እጠርጋለሁ፤ አለዚያ አቧራው ተነሥቶ ዕቃው ላይ ይሰፍራል። የአፈር ወለል በሌላ መንገድ አይጠረግም፤ የባለቤቱ እናት ቤትም እንደዚያው ነበር የሚጠረገው።

የቤቱ ቆጣሪ ጭነት በዝቶበት ቶሎ ቶሎ ይወድቅ ስለነበር ባለቤቱ ፀጉር አስተካካዩን ለምኖ ከእሱ ቆጣሪ አንድ መስመር ሳበ። ሽቦው በቆርቆሮው ቀዳዳ ገባ። ስፒከሮቹን እዚያ ላይ ሰካቸው፤ ኮምፒውተሮቹ በእኛው ቆጣሪ ቀሩ። ከዚያን ሳምንት ጀምሮ ስፒከሮቹ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርሙ ጀመር። ባለቤቱ ገመድ ቀየረ፣ ከስክሪኑ አራቃቸው፣ በመጨረሻም በቡጢ መታቸው። ወይ ፍንክች።

አንድ ቀን ፀጉር አስተካካዩ ለቅሶ ሊደርስ ሲሄድ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍቶ ሄደ። አሠልጣኟ «አያ፣ እስቲ እዚህ ሰካልኝ» ብላኝ የስፒከሩን መሰኪያ ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ኤክስቴንሽን ላይ ሰካሁት። ጸጥ አለ። መዝሙሩ ጥርት ብሎ ወጣ። እሷም ሳቀች፤ ጥርሷ ትንሽ ፍንጭት ነበር። በማግሥቱ ባለቤቱ መጥቶ ወደ ቦታው መለሰው፤ ጉርምርምታውም ተመለሰ።

ያኔ ነው ጣሳዬን ያያት።

«አንተ ነህ! ውኃህ ነው!»

«ጌታዬ፣ ውኃው ጠረጴዛውን አይነካም። መሰኪያውን ከኮምፒውተሩ ጋር ያድርጉት፣ ዝም ይላል።»

«ሀ ሁ ያልቆጠረ ሰው ስለ ኤሌክትሪክ ሊያስተምረኝ!»

ሠልጣኞቹ ሳቁ። ወደ አሠልጣኟ ዞርኩ። በዓይኗ ያየች፣ በጆሮዋ የሰማች ሰው ናት። አንገቷን ደፍታ የኪቦርዱን ቁልፎች ትነካካ ጀመር።

ባለቤቱ ወረቀት ጽፎ አቀረበልኝ። «ሥራዬን በሰላም አስረክቤአለሁ ይላል። ጣትህን እዚህ።» አመንኩት። አውራ ጣቴን ቀለሙ ላይ ጫንኩ፣ ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ፤ አንዱን ቅጂ ለእኔ ሰጠኝ።

ያንን ወረቀት እንደ ምስክር ወረቀት ጉያዬ ሸጉጬ ሞጣ ሄድኩ። እህል መጋዘን ለጥበቃ ሰው ይፈልጋሉ ሲሉኝ አወጣሁና ሰጠሁ። የመጋዘኑ ኃላፊ አነበበ፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ «አንት ሰው፣ ራስህን ከስሰህ ትዞራለህ እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። «በቸልተኝነቴ ውኃ አፍስሼ ንብረት ማበላሸቴን አምናለሁ» ይላል። ከሥሩ የእኔ ጣት።

ጥበቃው ቀረብኝ፤ ጆንያ ተሸከምኩ። የጎልማሶች ትምህርትም ገባሁ። ጉልበቴ ከዴስኩ በላይ ነው፤ አጠገቤ ልጅ ያዘሉ ሴቶች። አንድ ሰው ለምን ተማርክ ቢለኝ ለዕውቀት አልልም፤ ያንን ወረቀት በራሴ አፍ ለማንበብ ነው። «ቸልተኝነት» የምትለዋ ቃል ብቻ አንድ ሙሉ ቀን ፈጅታብኛለች።

በሁለተኛው ዓመት ቢቸና ተመለስኩ። ብቻዬን አልገባሁም፤ የባለቤቱን የነፍስ አባት ለምኜ ይዣቸው ገባሁ። ሲያያቸው ብድግ ብሎ መስቀል ተሳለመ። እኔ ግን ጆሮዬ ሌላ ቦታ ነበር። ስፒከሮቹ አዲስ ናቸው። እነሱም «እምምም» ይላሉ። ሽቦው አሁንም በቀዳዳው እንደገባ ነው። ሳቄን ዋጥኩት።

ወረቀቱን አውጥቼ ቆሜ አነበብኩ፣ ከላይ እስከ ታች።

«ማን አስተማረህ?» አለ።

«አንተ» አልኩት። ድሮ አንቱ ነበር የምለው።

ቄሱ «እስቲ ልጄ፣ ይሞክረው። ነቅሎ መሰካት ምን ይጎዳል?» አሉት። ከጎረቤቱ መስመር ነቀልኩ፤ ከኮምፒውተሩ ጋር ሰካሁ። ቤቱ ጭር አለ። ከግድግዳው ማዶ የመቀሱ ድምፅ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል። ቄሱ ጢማቸውን እየዳበሱ «እንግዲህ ውኃው ደረቀ ማለት ነው?» አሉ።

«ሥራህን ልመልስልህ» አለኝ ፊቱ ቀልቶ።

«ሥራህን ያዝ። ወረቀቱን ገልብጥና ጻፍ።»

ጻፈ። «ጥፋቱ የእኔ የመስመር አሰካክ እንጂ የእሱ አይደለም» ብሎ ፈረመ። ከዚያ ከልማዱ የጣት ቀለሙን ገፋልኝ። ቀለሙን መለስኩለትና እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰድኩ።

የአሠልጣኟ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። አግብታ ደብረ ወርቅ ገብታለች አሉኝ። በመንገዱ ሁሉ ሳስብ የመጣሁት ያንን ጸጥታ እሷ ስትሰማው ነበር። ይቅር እንድላት እንጂ እንዳሳፍራት አልነበረም። ልቤ ውስጥ ያለውን ግን ማን ያነብልኛል?

ስሜን ጻፍኩ። ከሥሩ ቀኑንም ራሴ ጻፍኩት፦ መጋቢት 21 ቀን 2001 ዓ.ም.