ስም የተሰጠው ክፍት ቦታ

ዋናውን የጥርስ ሐኪም በአናጺ ፒንሳ ጥርሳቸውን ልታስነቅል ነበር ተብላ የምትታማው ቅንፍ ናት። ወሬው ከክሊኒኩ በር ወጥቶ ሰፈር እስኪደርስ ፒንሳው መጋዝ ሆኗል። ፒንሳው እውነት ነው፤ ጥፋቱ ግን የሷ አይደለም።

የክሊኒኩን የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፉት ሁለት ናቸው፤ ቅንፍና የክፍሉ ኃላፊ። ቅጽል ስሟን ያወጡላት እሳቸው ናቸው። ለታካሚ በሚላከው የቀጠሮ መልእክት ላይ ስም የሚገባበትን ክፍት ቦታ ሁሉ በቅንፍ ከባ «ታካሚ»፣ «ሐኪም» ብላ ስም ካልሰጠችው እንቅልፍ አይወስዳትማ! የሳቸው ስልት ሌላ ነው፤ ክፍት ቦታው ስም የለውም፣ ፕሮግራሙ በተርታ ይሞላዋል፤ መጀመሪያ ታካሚውን፣ ቀጥሎ ሐኪሙን።

«ጋሼ፣ አንድ ቀን ተርታው ይዛነፍና ጉድ ይፈላል።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ በዚህ ስልት ሸብቻለሁ! የሙከራ ጊዜሽ ነገ ያልቃል፤ በቤቱ ደንብ ካልጻፍሽ ቻው ነው።»

ቻው ለሷ ቀልድ አልነበረም፤ ይህን ሥራ ያገኘችው ስንት ደጅ ጠንታ ነው።

ያንኑ ዕለት ጠዋት ዋናው ሐኪም «መልእክቱ ላይ የኔ ስም ይቅደም» ብለው አዘዙ። ኃላፊው ዓረፍተ ነገሩን አዙረው የሐኪሙን ቦታ አስቀደሙና ፕሮግራሙ የሚሞላበትን ተርታ ሳይነኩ ላኩት።

ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ የነበረው አንድ አናጺ ፒንሳውን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ከተፍ አለ።

«ዶክተሩ የታሉ?»

«ምን ፈልገው ነው?» አለች እንግዳ ተቀባይዋ።

«ጥርሳቸውን ልነቅል ነዋ! ዕድሜ ልኬን ዶክተር ብሎ የሚጠራኝ አጥቼ፣ እናንተ አከበራችሁኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ።» ስልኩን ዘረጋላት። እውነትም በመልእክቱ እሱ ሐኪም፣ ሐኪሙ ታካሚ ሆነው ቁጭ ብለዋል።

ሐኪሙ አገጫቸውን ይዘው ከክፍላቸው ወጡ። «ይህን ማን ያስተካክላል?»

ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ቅንፍ ግን ቀድማ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች። ለየክፍት ቦታው ስም ሰጠች። የሐኪሙን ስም ፊት አደረገችው፣ ልክ! መጨረሻ ወረወረችው፣ ልክ! መሐል ወሸቀችው፤ አናጺው ያው ታካሚ፣ ዶክተሩም ያው ዶክተር።

«በቃ!» አሉ ሐኪሙ። «ከዛሬ ጀምሮ መልእክት ሁሉ በሷ ስልት ይጻፍ። እሷም የትም አትሄድም!»

አናጺው ጠረጴዛውን በፒንሳው እየደበደበ አደመቀላት። ቅንፍ ወንበሯን ቀስ ብላ ወደ ኃላፊው አዞረች።

«ጋሼ፣ እንግዲህ ነገ የሚያልቀው የማናችን የሙከራ ጊዜ ነው?» አለች።