የእንግዳው ኮት ቁልፎች

በፋብሪካው ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ የለም ማለት ይቻላል። ዘበኛውም ሥራ አስኪያጁም «እትዬ ዳበሳ» ነው የሚሏት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከፊቷ የተቆለለ አሮጌ ልብስ እየዳበሰች፣ ሱፉን ከጥጡ፣ ጥጡን ከናይለኑ ስትለይ የኖረች ሴት ሌላ ምን ትባል? ዓይኗን አስጨፍናችሁ ሹራብ ብትሰጧት «ሱፍ ነው፣ ክርኑ ግን በሌላ ነገር ተጠግኗል» ትላችኋለች። ካላመናችሁ አንዲት ክር መዝዛ በክብሪት ትለኩስላችኋለች፤ የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተ ሱፍ ነው፣ ቀልጦ ከተንጠባጠበ ናይለን ነው። እስከ ዛሬ የተሳሳተችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ይባላል፤ አንዱን እሷ እስካሁን አላመነችም።

ሥራው ላየው ሰው ቀላል ይመስላል። በጆንያ የመጣው ልብስ ጠረጴዛው ላይ ይዘረገፋል፤ ጠረጴዛው የሽቦ ወንፊት ስለሆነ አቧራው ወደ ታች ይረግፋል። መጀመሪያ ቁልፉ ይቆረጣል፣ ከዚያ ገበሩ ይተረተራል፣ ከዚያ ስፌቱ ይፈታል። ቁልፎቹ እንደ መጠናቸው በየቆርቆሯቸው ይገባሉ። ጨርቁ ደግሞ ግራጫው ከግራጫ፣ ሰማያዊው ከሰማያዊ እየተለየ ይከመራል፤ በደንብ ከተለየ እንደገና ማቅለም አያስፈልግም። የቀረው የማሽን ሥራ ነው። ሠራተኞቹ «ጥርሶ» የሚሉት ትልቅ ማሽን ጨርቁን ቦጫጭቆ ወደ ሱፍነቱ ይመልሰዋል፤ ትንሽ አዲስ ሱፍ ይደባለቅበታል፣ ይፈተላል፣ ይሸመናል፣ ብርድ ልብስና የኮት ጨርቅ ሆኖ ይወጣል።

ሙያውን ያስተማሯት አንድ ሽማግሌ ፎርማን ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና። እሳቸው እንደሚያወሩት ሥራው የተጀመረው ድሮ፣ ጦርነት ያለውን ሱፍ ሁሉ ለወታደር ልብስ ጠራርጎ ወስዶ ገበያው ባዶ በቀረበት ዘመን ነው። አንድ የቸገረው ሰው አሮጌውን ቦጫጭቆ ከአዲሱ ጋር ቀላቀለው፣ ጨርቅ ሆነለት። ሕዝቡ ለበሰው፣ ሞቀውም። ከምን እንደተሠራ ለመናገር ግን ሁሉም አፈረ፤ ሻጩ «አዲስ ነው» እያለ ሸጠ፣ ገዢውም አውቆ ዝም አለ። ፎርማኑ ይህን አውርተው ሲያበቁ «እኛ እኮ አገር አልብሰን የተደበቅን ሰዎች ነን» ብለው ይስቁ ነበር። እትዬ ዳበሳም አብራ ትስቅ ነበር። ልጇ ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ ግን ነገሩ አላስቃትም።

ልጅቷ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። እናት አንድ ቀን ከሥራ በቀጥታ ሄዳ፣ ፀጉሯ የሱፍ ብናኝ እንደለበሰ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀቻት። በማግስቱ ልጆቹ ለልጅቷ «ቡትቶ» የሚል ስም አወጡላት። ልጅቷ ምን እንደሆነች አልተናገረችም፤ «እማዬ፣ ነገ ማዕዘኑ ጋ ጠብቂኝ» ብቻ አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናት ማዕዘኑ ጋ ጠበቀች። ፋብሪካው በር ላይ ቆማ ፀጉሯን ሳታራግፍ ወደ ቤቷ የሄደችበት ቀንም የለም። በልጇ አልተቀየመችም፣ የሰባት ዓመት ልጅ ላይ ምን ቂም ይያዛል? አንጀቷ ግን ቆስሏል።

አሁን ልጅቷ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ለመጀመሪያ ጊዜም ወንድ ይዛ ልትመጣ ነው። ሊፍት ጠጋኝ ነው፣ ቁም ነገረኛ ነው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይመጣል ተባለ። ቅዳሜ ዕለት ልጅቷ ዙሪያ ጥምጥም ስትሄድ ቆይታ ነገሩን አወጣችው፦ ለሰውየው እናቴ ሱፍ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት ብላዋለች። እናት ትንሽ አሰበችና፣ ውሸትም አይደል አለች። ልጅቷ እፎይ ብላ አንድ ነገር ጨመረች።

«እጅሽን ግን አደራ፣ እማዬ። የሰው ልብስ እንዳትነኪ።»

አደራው ያለ ነገር አልመጣም። ታክሲ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠውን የማታውቀውን ሰው እጅጌ ይዛ «ግማሽ በግማሽ ነው» ያለችበት ጊዜ አለ። እናት አልነካም ብላ ማለች፤ ከልቧ ነው የማለችው።

እሑድ ሰውየው መጣ። ረጅም ነው፣ ዓይን አፋር ነው፣ ብስኩት ይዟል፣ ግራጫ ኮት ለብሷል። መዘዙ የመጣው ከበሩ ጀርባ ካለው የኮት መስቀያ ነው፤ ሚስማሩ ከተነቀለ ከርሟል። ልጅቷ ብስኩቱን ሳህን ላይ አድርጋ ሻይ ልታፈላ ወደ ጓዳ ገብታለች። እናት የእንግዳ ኮት መሬት አይጣል ነገር፣ አምጣው ልጄ ብላ ተቀበለችና ጭኗ ላይ አኖረችው። እጆቿንም አጣጥፋ ከላዩ አስቀመጠች። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር።

ሰውየው ጨዋታ አዋቂ ሆኖ ተገኘ። አንድ ቀን በሦስተኛና በአራተኛ ፎቅ መካከል ሊፍት ይቆማል። ውስጡ ያሉት አንድ ወፍራም ዳኛና ዳኛው ያን ዕለት ጠዋት የፈረደባት ሴትዮ ናቸው። እሱ ከላይ ሆኖ ብሎን ሲፈታ፣ ሴትዮዋ ከታች ይግባኟን እዚያው ታሰማለች፤ ዳኛው ላብ በላብ ሆኖ «ቶሎ በል እንጂ!» እያለ ይለምነዋል። እትዬ ዳበሳ እንዲህ ያለ ጨዋታ ሰምታ አታውቅም። ዓይኗ ከሰውየው አፍ አልተነቀለም። እጇ ግን ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አያውቅበትም። በሥራዋ ቁልፍ የምትቆርጥባት ትንሽ መቀስ ከሽርጧ ኪስ መቼ እንደወጣች፣ ብትጠየቅ አትመልስም።

ልጅቷ ሻዩን ይዛ ስትመለስ አምስት ቁልፎች ብስኩቱ ሳህን ዳር ተደርድረዋል፤ ትልልቆቹ ወዲህ፣ ትንንሾቹ ወዲያ። የኮቱ ገበርም እስከ ብብቱ ተተርትሯል። ሰውየው ከመጀመሪያው ቁልፍ ጀምሮ አይቷል። ግን አፍሮ፣ ደግሞም የዚህ ቤት ወግ ይሆናል ብሎ፣ ዝም ብሎ ሲያወራ ነበር።

«እማዬ» አለች ልጅቷ፣ ትሪውን እንደያዘች።

እናት ወደ ጭኗ አየች። ያን ሁሉ ዓመት ማዕዘን ላይ የቆመችው ለዚህች ቀን ነውር ልትሆን ኖሯል? መውጫ ፈለገች፣ አንድ ብቻ ታያት።

«ይቅርታ ልጄ፣ እርጅና ነው። አንዳንዴ የምሠራውን አላውቀውም። አእምሮዬን እስታለሁ።»

አእምሮዋ ከመቀሷ የሰላ ሴት ናት ይህን የምትለው። ሰውየው ደንገጥ ብሎ፣ ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም ማለት ጀመረ፤ ለበሽተኛ እንደሚነገረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ልጅቷ ያን ድምፅ ስትሰማ ትሪውን አስቀመጠች።

«አላረጀችም። ምንም አላመማትም» አለች። «እናቴ ቡትቶ ለቃሚ ናት። ቁልፍ ቆርጣ፣ ገበር ተርትራ ነው ያሳደገችኝ። ተቆጣጣሪ ናት ያልኩህ እኔ ነኝ፣ አፍሬባት። ይኸው፣ እኔ እንዳላፍር እብድ ልትባል ተዘጋጅታለች።»

ሰውየው ተነስቶ ኮቱን ቀስ ብሎ ከጭኗ ወሰደ። ሊሄድ ነው ብለው ሁለቱም ቁርጣቸውን አወቁ። እሱ ግን ወንበሩን ወደ እናት አስጠጋና ተመልሶ ተቀመጠ። ኮቱ የሟች አባቱ ነው፤ አባቱ እስኪሞቱ ድረስ ንጹሕ አዲስ ሱፍ ነው እያሉ ይምሉበት ነበር። እጅጌውን ዘረጋላትና፣ እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቃት።

እናት ልጇን አየች። ልጅቷ ንገሪው አለቻት።

«አይደለም ልጄ። ክሩ አጭር ነው፣ እስቲ ዳብሰው። ይኼ ከአባትህ በፊት የስንት ሰው ኮት ነበር፣ የፖስተኛ ይሁን፣ የአስተማሪ ይሁን ማን ያውቃል? ሁሉም ተሰብስበው ነው አባትህን ያሞቁት። እኛ እንሥራው ሌላ ፋብሪካ አላውቅም። የለየችው ሴት ግን እጇ ይባረክ፣ አንዲት የሌላ ቀለም ክር አላሳለፈችም።»

ሰውየው ሳቀ፣ ሲስቅም ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቁልፎቹን የተከለችው ልጅቷ ናት። መድኃኒት እንጂ ስፌት አታውቅምና አንዱን ዝቅ አድርጋ ተከለችው፤ ኮቱ እስከ ዛሬ ተንጋዶ ነው የሚቆለፈው።

በማግስቱ የመውጫው ደወል ተደወለ። እትዬ ዳበሳ እንደ ልማዷ በሩ ላይ ቆማ ሻሿን ፈታ ስታደርግ ዘበኛው ሰው እየጠበቃት እንደሆነ ነገራት። ቀና ስትል ልጇ ቆማለች፤ ማዕዘኑ ጋ ሳይሆን እዚያው በሩ ላይ፣ ሠራተኛው ሁሉ በሚያልፍበት። እናት ተጣድፋ ፀጉሯን ማራገፍ ጀመረች። ልጅቷ እጇን ያዘቻት።

«ተዪው፣ እማዬ። እንዲሁ እንሂድ።»

ክንዷን ያዘቻትና በዋናው መንገድ ይዛት ሄደች። ቤት ሲደርሱ የልጅቷም ትከሻ ግራጫ ብናኝ ለብሶ ነበር፤ አላራገፈችውም።