ለኮድ ሽማግሌ ሆኜ ኮምቦልቻ የወረድሁ ዕለት

ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው፤ እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ እህል እየሸጥሁ ነው። ስለዚህ ጽሑፌ ቢወላገድ አትፍረዱብኝ፤ ነገሩ ግን እውነት ነው።

ልጄ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ቤታችን ሳትወጣ የኮምፒውተር ሥራ ትሠራለች። ሌሎች የጻፉትን ኮድ ትመረምራለች። ደኅና ከሆነ «አይቼዋለሁ» ብላ ስሟን ታኖርበታለች፤ ካልሆነ ጉድለቱን ጽፋ ትመልሰዋለች። ይኸው ነው ሥራዋ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ታናሽ እህቴ ከኮምቦልቻ ደወለች። ሰላምታ እንኳ አልነበራትም።

«ወንድም ጋሼ፣ ልጅህ ልጄን ሰው ፊት አዋረደችው!»

«ምን አደረገችው?»

«ስንት ጊዜ የደከመበትን ኮድ መለሰችበት። ያውም አገር ምድሩ በሚያነበው ቦታ! ባዳ እንኳ እንዲህ አያደርግም። እስክትፈርምለት ድረስ ደጃችሁን አልረግጥም፤ ወላሂ!»

እህቴ ወላሂ ካለች አለች ነው። ከአባታችን ልጆች የቀረነው ደግሞ እኔና እሷ ብቻ ነን። ደነገጥሁና «አብሽሪ፣ ትፈርማለች፤ ቃሌ ነው» አልኳት። ልጄን ሳልጠይቅ።

«አልፈርምም» አለች ልጄ።

«የአክስትሽ ልጅ ነው እኮ!»

«ቢሆንስ አባዬ? ስሜን ካኖርሁ ለኮዱ ዋስ ሆንሁ ማለት ነው። የሰው ላፕቶፕ ሲበላሽ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

የራሷን ላፕቶፕ ገልብጣ ሆዱን አሳየችኝ። እዚያ ውስጥ ከዋናው ሌላ አንዲት ትንሽ ተቆጣጣሪ አለች፤ ባትሪውን፣ ማራገቢያውንና ሙቀቱን የምትጠብቅ። የእህቴ ልጅ የጻፈው ኮድ ከርነል በሚሉት በኮምፒውተሩ መሠረት ውስጥ ሆኖ የዚችን ተቆጣጣሪ ሜሞሪ ያነባል።

«ማንበብ ምን ይጎዳል?» አልኳት። «እኔ ጋዜጣ ሳነብ ጋዜጣው ይቀደዳል?»

«ይቺ ጋዜጣ አይደለችም። መጀመሪያ የሚፈልጉትን ይነግሯታል፤ ቀጥሎ መልሱን ይቀበላሉ። በመሀል ሌላ ገብቶ የራሱን ከጠየቀ መልሱ ይቀያየራል። ፋርማሲ የግፊት መድኃኒትዎን ጠይቀው ሳይቀበሉ ሌላው ተጋፍቶ ቢገባና የሱን ይዘው ቢመጡስ? አንዱ እስኪጨርስ በሩ መቆለፍ አለበት። እሱ አልቆለፈም።»

ገባኝ። ግን ቃል ወጥቶብኛል።

በማግስቱ እህቴን ልለምን ጎረቤቴን ቀሰቀስሁ። ብዙ ሰው አብረን አስታርቀናል።

«ድንበር ነው ፍቺ?» አለኝ።

«ኮድ ነው።»

«እሱን እንኳ አስታርቀን አናውቅም» አለ፤ ቢሆንም ጋቢውን ደርቦ ወጣ። ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት ሳይጨርስ ሞቀውና አውልቆ ጭኑ ላይ ጠቀለለው።

እህቴ ምግብ አቀረበች። እኛም እንደ ሽማግሌ ወጉ፣ ጉዳያችን ካልተፈጸመ እህል አንቀምስም አልን። አልን ስል እኔ ነኝ ያልሁት፤ ጎረቤቴ ወጡን ያይ ነበር።

የእህቴ ልጅ ገባ። ጺሙን ያሳደገ ጎልማሳ ነው፤ የተቆጣ ግን ልጅ ይመስላል።

«አጎቴ፣ ኮዱ ይሠራል እኮ! ይዩት» ብሎ ላፕቶፑን ፊቴ ከፈተ። ቁጥሮች መጡ። «ይኸው ባትሪው፤ ሰማንያ። ይኸው ሙቀቱ።»

«ማሻ አላህ!» አለ ጎረቤቴ።

«ታዲያ ምኑ ጎደለ?» አለች እህቴ።

«ሌላ ፕሮግራም አብሮ ከጠየቀ ይምታታል ነው የምትለው» አለ ልጁ። «እንግዲህ አብሬ ልክፈተውና እዩ።» ስለ ባትሪው የሚጠይቅ ሌላ ፕሮግራም ከፈተ። ሁለቱም አብረው መሥራት ጀመሩ። ጥቂት ደኅና ቆየ። ከዚያ ማራገቢያው ጮኸ፤ ሰማንያ የነበረው ዜሮ ሆነ፤ ላፕቶፑም ባትሪዬ አለቀ ብሎ ድርግም አለ። ገመዱ ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ነው።

«መብራት ሄደ እንዴ?» አለ ጎረቤቴ።

እህቴ ቀና ብላ አምፖሉን አየች። «አልሄደም» አለች፤ ቀስ ብላ።

ልጁ ጺሙን አሻሸ። «ተቆጣጣሪዋ የአንዱን መልስ ለሌላው ሰጠች» አለ።

«የሆነው ይሁን!» አለች እህቴ። «ወንድም ጋሼ፣ አንተ ቃል ሰጥተኸኛል።»

እውነቷን ነው። ልጄን «የአባትሽ ቃል ነው» ብላት፣ እያለቀሰችም ቢሆን ትፈርም ይሆናል። ይህን እያሰብሁ ምርኩዜን አነሣሁ።

«ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ስሙ ግን የሷ ነው። አላስፈርማትም። አንቺ ደጄን ካልረገጥሽ እኔ ያንቺን እረግጣለሁ፤ በየሳምንቱ እመጣብሻለሁ።»

ብዬ ተነሣሁ። ጎረቤቴ አልተነሣም።

«እማ፣ ተዪው» አለ ልጁ። «በሷ ቦታ ብሆን እኔም አልፈርምም። ነገ ደሴ ወጥቼ አብረን እናስተካክለዋለን።»

እህቴ ልጇን አየችው፤ እኔን አየችኝ። ከዚያ ትሪውን ወደኛ ገፋችው። «ብሉ እንግዲህ፣ በረደ። ወላሂዬን ላፈረስሁበት ሦስት ቀን እጾማለሁ፤ ምን ላድርግ!»

ስንወጣ አንድ ትልቅ ፓፓያ በፌስታል አስያዘችኝ። «ለዚያች ደረቅ ስጣት» አለች። «ድርቅናዋን ካንተ ነው የወሰደችው።»

በማግስቱ ጠዋት ልጁ ላፕቶፑን አንግቦ መጣ። ከልጄ ጋር ጓዳ ገብተው መጨቃጨቅ ጀመሩ፤ የሥራ ጭቅጭቅ ነው፣ ሳቅም አለበት። ወዲያው ጎረቤቴ «እህ፣ ፈረመች?» እያለ ሊገባ መጣ። በርጩማዬን በሩ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ።

«ገና አልጨረሱም። እዚሁ ጠብቅ» አልኩት፤ ከፓፓያውም ቆርጬ ሰጠሁት።